ምንም አልበላችም

ነርሷ የልጄን ክንድ አራት ጊዜ እንድትለካ ያደረግኋት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን አላመንኩም። በሁለተኛው ልጅቷ ተንፈራግጣለች አልኩ። በሦስተኛው ራሴ ክንዷን ያዝኩና የመለኪያው ጥብጣብ ሲጠብቅ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ፤ ምልክቱ ቢጫው ላይ አረፈ። ከሁለት ወር በፊት አረንጓዴ ነበረች። “ጥብጣቡ አርጅቶ ይሆናል” አልኩ። ነርሷ ከመሳቢያዋ አዲስ አወጣችና ለአራተኛ ጊዜ ለካች። እሱም ቢጫ ሆነ።

ነርሷ በደንብ ታውቀኛለች፤ ነገሩን ያባሰው ይኸው ነው። መርሳ ማን ምን እንደሚሠራ የማይታወቅባት ከተማ አይደለችም። እኔ ደግሞ የወረዳው የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች እየዞርኩ፣ እናቶችን ሰብስቤ፣ ለሕፃን የሚሆን ገንፎ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንቁላሉ መቼ እንደሚገባ፣ ጎመኑ እንዴት እንደሚደቅቅ ማሳየት ነው። ያው ባለሦስት ቀለም ጥብጣብ እኔም ቦርሳ ውስጥ አለ። የስንቱን ልጅ ክንድ ለክቼበታለሁ። የራሴን ልጅ ግን ቤቴ ውስጥ ለክቼ አላውቅም ነበር። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም።

“ምን ትበላለች?” አለችኝ ነርሷ።

ፈተና ላይ እንደተጠራ ተማሪ ዘረዘርኩላት። ጤፍ፣ ገብስ፣ ሽምብራና ማሾ የተቀላቀለበት ገንፎ፤ እንቁላል፤ ካሮት፤ ዱባ፤ ከሰዓት በኋላ ፓፓያ ወይም ማንጎ፤ ማታ ማታ ጡት።

“ይኼ አንቺ የምታዘጋጂላት ነው” አለች። “እኔ የጠየቅሁሽ የምትበላውን ነው።”

“ምንም አትበላም” አልኳት። ይህን ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሰጠችኝ። ካልተሻላት፣ ወደ ቀዩ ከወረደች፣ በሕክምና ምግብ እንደሚይዟት ነገረችኝ። ቀዩ ምን እንደሆነ ልታስረዳኝ አላስፈለጋትም። ከየቀበሌው ቀይ ላይ የደረሱ ልጆችን ወደ ጤና ጣቢያ የምልከው እኔው ነኝ። ከላክኋቸው አብዛኞቹ ወፍረው ተመልሰዋል። አንዱ ግን አልተመለሰም። ልጄን አዝዬ ወደ ቤት ስሄድ የማስበው ስለዚያ ስላልተመለሰው ልጅ ብቻ ነበር።

ልጄ ያኔ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልጅ ነበረች። የምንኖረው አስፋልቱ ዳር ባለ የኪራይ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ወልድያ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ቅዳሜ ማታ መጥቶ ሰኞ በጠዋቱ ሚኒባስ ይይዛል። ልጅቷን ትይዝልኝ የነበረችው ሠራተኛ ድንገት ለቅቃ ስትሄድ አማቴ ግራና ከተማ ያለውን ቤታቸውን ዘግተው መጡልኝ። አራት ወር ሆኗቸው ነበር። በግቢው በር በኩል ደግሞ አከራያችን የሻይ ቤታቸውን ከፍተዋል፤ ወደ ወልድያ የሚያልፉ ሹፌሮች እዚያ አረፍ ይላሉ። አከራያችን ሙስሊም ናቸው፤ ልጄን ባዩ ቁጥር “ማሻአላህ” ሳይሉ ስሟን አይጠሩም። ልጄን ከእኔ እኩል የሚወዷት እነዚህ ሁለት ሴቶች ናቸው። ያን ጊዜ ግን እንደዚያ አላሰብኩም ነበር።

ገንፎውን ማታ አዘጋጅቼ፣ ጠዋት አማቴ የሚያሞቁትን፣ በክዳን አድርጌ አስቀምጣለሁ። ማታ ስመለስ ክዳኑን ስከፍት ከላዩ በማንኪያ የተነካካ ነው እንጂ እንዳለ አለ። ፊቱ ደርቆ ይጠብቀኛል። እኔም ስሞክር ያው ነው። ማንኪያውን ሳስጠጋ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። ዘፈንኩላት። ማንኪያውን ባጃጅ አድርጌ ጥሩምባ እየነፋሁ አመጣሁላት። ለአሻንጉሊቷ አጉርሼ አሳየኋት፤ ማንኪያውን ተቀብላ አሻንጉሊቷን አጎረሰችና ለራሷ አፏን ዘጋች። ያን ቀን ስቄ አለቀስኩ።

ምክር ሰጪ ግን አልጠፋም። አማቴ የሰው ዓይን ነው አሉ፤ በረንዳ ላይ መብላቷን አልወደዱትም። አከራያችን ጥርስ እያወጣች ነው፣ ጥርስ ሲመጣ ሆድ ይዘጋል አሉ። ባለቤቴ “እኔም ልጅ ሆኜ ቀጭን ነበርኩ” አለ፤ እናቱ ወዲያው “ውሸትህን ነው፣ አንተማ ድንቡሽቡሽ ነበርክ” ብለው አሳፈሩት። ነርሷ የወስፋት መድኃኒት ሰጠች። ከመድኃኒት ቤት የምግብ ፍላጎት ይከፍታል የተባለ ሽሮፕ ገዛሁ፤ ሽሮፑን ወደደችው፣ ምግቡን ጠላችው። ሁሉንም አመንኩ፣ ሁሉንም ተጠራጠርኩ። ትምህርቴ የነገረኝና ሰው የነገረኝ ጭንቅላቴ ውስጥ ተደበላልቀው፣ ጠዋት የማምነውን ማታ እተወዋለሁ።

የባሰው ሥራ ላይ ነበር። ከነርሷ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ግራና አቅራቢያ ባለ ቀበሌ ሠርቶ ማሳያ ነበረኝ። እናቶቹ ዱቄቱንም ካሮቱንም አዋጥተው መጡ። አንዷ ከእጇ ሁለት እንቁላል አውጥታ ስትሰጠኝ፣ ለገበያ ያሰበችው እንደሆነ ገባኝ። እንደ ሁልጊዜው እንቁላሉን ሸጣችሁ ስኳርና ብስኩት አትግዙ፣ መጀመሪያ ለልጆቻችሁ አብሉ እያልኩ ስናገር፣ ድስቱ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ጉንጯ የተሞላ ልጇን ጉልበቷ ላይ እያዘለለች ቀና አለች።

“የአንቺስ ልጅ ትበላለች?” አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ እናት እናትን የምትጠይቀው ጥያቄ ነው።

“አዎ፣ ትበላለች” አልኩ።

ድስቱን ማማሰል ቀጠልኩ። እዚያ የተቀመጡት ሴቶች የእኔን ልጅ ቢያዩ ከገንፎዬ የሚቀምስ ማን ነበር?

ያን ዕለት ማታ አንድ ነገር ታየኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ትናንት ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደበላ እናቶችን የምንጠይቅበት ቅጽ አለ። ለሰው የምሠራውን ለራሴ ቤት ለምን አልሠራም ብዬ እስክሪብቶዬን ይዤ አማቴ ፊት ተቀመጥኩ።

“እማዬ፣ ትናንት ጠዋት ምን በላች?”

“ምንም አልበላችም።”

“ረፋድ ላይስ?”

“ረፋድ ላይማ እትዬ ሻይ ቤት ስትጫወት ነበር፤ ምንም አልበላችም።”

“ምሳስ?”

“ኧረ ምንም። በግድ ሁለት ማንኪያ አቀመስኳት፤ እሱንም ተፋችው።”

ወደ ሻይ ቤቱ ወጥቼ አከራያችንንም ጠየቅኋቸው። “ወላሂ ምንም አልሰጠኋትም” አሉ፤ ፊታቸው ላይ እውነት ነበር። ቅጹ ከላይ እስከ ታች ባዶ ሆነ። ከግርጌው የጠጣችውን የሚጠይቅ አንድ መስመር አለ፤ እሱን ሁልጊዜ “ውሃ” ብዬ ሞልቼ ነው የማልፈው፤ እዚያ ስደርስ እናቶቹም ሰልችቷቸው ስለሚሆን አላነብላቸውም። የዚያን ቀንም “ውሃ” ብዬ ጻፍኩ።

ባዶ ቅጽ ይዤ ስቀመጥ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ልጅ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይበላ እየተጫወተ ሊውል አይችልም። ወይ አማቴ ላለመቸገር ብለው ሳያበሏት ይተዋታል፣ ወይ ይዋሹኛል። ይህን ማሰቤን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ። ያኔ ግን አላፈርኩም፤ ተናደድኩ እንጂ። እራት ላይ “እማዬ፣ ገንፎውን በደንብ ያሞቁታል?” አልኳቸው፤ ድምፄ ውስጥ ያለውን ሰሙት። እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ። “ልጄ፣ እኔ የልጅ ልጄን አላስርብም” አሉ።

የተሰጠኝ ጊዜ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ፈቃድ ወስጄ ቤት ቀረሁ። ራሴን አሞኛል አልኩ። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ማስታወሻዬን ጭኔ ላይ አደረግኩ። አንዳች ነገር አይቼ አማቴን እይዛቸዋለሁ ብዬ ነበር። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ያን ቀን የተቀመጥኩት እንደ ሰላይ ነው።

ጠዋት አማቴ የመጀመሪያ ሥራቸው አብሽ ነበር። ማታ ውሃ ውስጥ ያደረጉትን ዱቄት አጥልለው፣ እስኪነጣ መትተው፣ ማር ጠብ አድርገው በትንሽ ኩባያ አጠጧት። ግጥም አድርጋ ጠጣች፤ አፏን ለመክፈት ማንም መለመን አላስፈለገውም። ከዚያ ወደ ሻይ ቤቱ ሮጠች። አከራያችን ስኳር የበዛበት ሻይ ወደ ማስቀመጫው ሳህን ገልብጠው፣ እፍ ብለው አቀዝቅዘው ሰጧት። አንድ ሹፌር የለስላሳውን ጠርሙስ አዘንብሎ አስጎነጫት፤ ሌላው ደግሞ እኔን ለምን ታልፈኛለች ብሎ ደገማት። እኔን ሲያዩ ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ልጅ ሳያቀምሱ ለስላሳ እንዴት ከአንገት ይወርዳል። ጎረቤታችን ሸንኮራ ልጣ ቆርጣ ሰጠቻት፤ መጠጠችውና ምጣጩን ተፋችው። ተመልሳ ወደ አማቴ መጣች፤ ሁለተኛው አብሽ ጠበቃት።

“ይኼ ደግሞ ለምንድን ነው?” አልኳቸው።

“ለምሳው ሆዷን እንዲያሰፋላት ነዋ።”

ምሳ ሰዓት ሆነ። ገንፎው ቀረበ። ልጄ ከንፈሯን ግጥም አደረገች። ቀሚሷን ገልጬ ሆዷን ስነካው ጢም ብሎ ሞልቷል። አማቴ በሐዘን አንገታቸውን ነቀነቁና ወደ እኔ ዞሩ።

“አየሽ? ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላችም።”

ማስታወሻዬን አየሁት። እስከ ምሳ ድረስ ስድስት ጊዜ ጽፌያለሁ። አማቴን ለመያዝ ነበር የተቀመጥኩት፤ የያዝኳቸው ግን ምንም ሳይዋሹ ነው። ግራ ገባኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው፣ ዝቅ ብዬ ወረቀቱን አየሁት።

“እማዬ፣ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው ታዲያ? አብሹ፣ ሻዩ፣ ለስላሳው?”

“እሱማ መጠጥ ነው” አሉ፤ የማይገባኝ ነገር ምን እንደሆነ እየፈለጉ። “መጠጥ ምግብ ነው እንዴ?”

አከራያችንም ድምፃችንን ሰምተው ገቡ። የማሠልጠኛ ድምፄን አወጣሁ። የሕፃን ሆድ የጡጫዋን ያህል ነው፤ በጣፋጭ ውሃ ከሞላ ለእንቁላሉ ቦታ የለም፤ ስኳሩ ረሃቧን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ሥጋ አይሆናትም፤ ሻይ ደግሞ ከምግቡ የሚገኘውን፣ ደም የሚሆናትን ብረት፣ እንዳይገባ ይይዝባታል አልኩ። አከራያችን እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው “ያ ረቢ፣ እኔ እኮ በውዴታ ነው” አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም እንደዚያ መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

አማቴ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተረቱልኝም። “ሰባት ልጅ በአብሽ አሳድጌያለሁ” አሉ። “ባልሽ አንዱ ነው። የቱ ነው የከሳው?”

እውነታቸውን ነው፤ ሰባቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ሰባቱም ትከሻቸው በር ይዘጋል። አብሽ መርዝ አይደለም፤ እኔም ራሴ መርዝ ነው ብዬ አስተምሬ አላውቅም። ታዲያ ያኔ ያወፈረ ዛሬ እንዴት ያከሳል? እንዲሁ ለመናገር ያህል “ያኔ ልጆቹ ሌላ ምን ይጠጡ ነበር?” አልኳቸው።

“ወተት ነዋ። ሁለት ላም ነበረን። አብሹን የምንሰጠው ከወተቱ በኋላ ነው።” አሉና ራሳቸው ቆም አሉ። በዚህ ቤት ወተት የለም። ልጄ የምታገኘው አብሹን ብቻ ነው፤ ወተቱ ከዚያን ጊዜ ላሞች ጋር ቀርቷል። አማቴ ሁለቱን እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አሸንፌአቸው ነበር፤ ደስ ግን አላለኝም።

ማስታወሻዬን ልዘጋ ስል አማቴ ቀና ብለው በእርጋታ “አንቺስ?” አሉኝ።

“እኔ ምን?”

“የአንቺን ጻፍሽው ወይ? የዛሬው ቀረ፣ ስላልሄድሽ። የሌላውን ቀን ጠዋትስ?”

መጀመሪያ የሚሉት አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። በየቀኑ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ልጄ ቀሚሴን ይዛ ታለቅሳለች። ያ ለቅሶ አንጀቴን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ግማሽ ብርጭቆ ሞቅ ያለ ሻይ በስኳር አደርግላትና ብስኩት እየነከርኩ እሰጣታለሁ። ስትጠጣ ዝም ትላለች። ዝም ስትል ሹልክ ብዬ እወጣለሁ። አራት ወር ሙሉ እንደዚህ ነበር የወጣሁት። ከዚያ ቀበሌ ሄጄ “ለሕፃን ሻይ አትስጡ” የሚለውን ሥዕል ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ።

እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ አጥጋቢ መልስ የለኝም። እያወቅሁ አልደበቅሁትም። ሻዩ እኔ ዘንድ ምግብም መጠጥም አልነበረም፤ ለቅሶ ማስታገሻ ነበር። ደግሞም ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ቅጹን ይዞ የሚቀመጠውን ሰው ማን ይጠይቀዋል። ሰባተኛውን ጻፍኩ። የቀኑ የመጀመሪያው ስለሆነ ግን ከላይ ነበር ቦታው፤ ከሁሉም በላይ ቦታ ፈልጌ አጣብቤ ጻፍኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ሻይ አላፈላሁም። አማቴም አብሹን አልመቱም። አከራያችን ከነጋ ጀምሮ ለገባው ሹፌር ሁሉ “ለልጅቱ ምንም እንዳትሰጧት፣ በአላህ” እያሉ ሲያውጁ ይሰማል። ቦርሳዬን ሳነሣ ልጄ ቀሚሴን ያዘች። እጄን አየች፤ ብርጭቆ የለም። ለቅሶው መጣ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከቀሚሴ አላቅቄ ለአማቴ ሰጠኋትና ወጣሁ። አስፋልቱ ድረስ ድምፅዋ ተከተለኝ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼም የምሰማው ይመስለኝ ነበር። ተመልሼ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ልስጣት ብዬ ሁለት ጊዜ ሹፌሩን ላስቆመው ነበር። ደግሞ፣ እውነቱን ካልተናገርኩ ምን ዋጋ አለው፣ ከጭንቀቴ ሥር አንዲት ትንሽ ኩራት ነበረች። እንዲህ የምታለቅሰው ስለምትወደኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከእነሱ ጋር ብትውልም የእኔን የሚተካ የለም፤ የሚል ኩራት። ያችን ኩራት ይዤ ነበር አራት ወር ሥራ የገባሁት።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አማቴ ናቸው።

“በላች” አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። “ሳህኑን ጨረሰችው። ማንኪያውን ከእጄ ነጠቀችኝ። አሁን እንኳ ሳህኑን እየላሰች ነው፣ ትሰሚያታለሽ?”

በስልኩ ውስጥ ማንኪያ ሳህን ሲመታ ይሰማል። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ ደጋግሜ አልኩ። አማቴ ግን ገና አልጨረሱም።

“እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የምታለቅሰው አንቺን ብላ መስሎኝ፣ አንጀቴን ትበላው ነበር” አሉኝ። “ለካ ርቧት ኖሯል። ገንፎውን ሳሳያት ወዲያው ዝም አለች፤ በበሩ በኩል ዞራም አላየች።”

“እሰይ” አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ በልታለች፤ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አልነበረኝም። ታዲያ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምን ሆነሽ ነው እስኪለኝ ድረስ ለምን አለቀስኩ?